የኒዛሙን ዕዳ ማን ከፈለው?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በሕንዷ ሃይደራባድ የተማራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

አዘጋጆቹ «ስለ ዩኒቨርሲቲያችን መሥራች ጥቂት ተናገር» ብለውኛል። ኦስማንያን በ1918 ያቋቋመው ሰባተኛው ኒዛም፣ ማለትም የሃይደራባድ ግዛት ሙስሊም ገዢ፣ ሚር ኦስማን አሊ ኻን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ)። በእንግሊዝ ዘመን ከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በኡርዱ ቋንቋ እንዲሰጥ ማዘዙ ያስመሰግነዋል፤ ይኸው አመሰገንሁ። የመጣሁት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ሰው ሲነሣ ሁላችንም የምናወራው ስለ አልማዙ ነው። በየመኝታ ክፍላችን ስንቱን ሌሊት አነጋንበት! አባቱ በጫማ ጫፍ ውስጥ ሸሽጎት የሞተውን፣ 185 ካራት ገደማ የሚመዝነውን የጄኮብ አልማዝ ልጁ አግኝቶ የወረቀት መጫኛ አደረገው። ታይም መጽሔት በ1937 የዓለም አንደኛ ሀብታም ብሎ በሽፋኑ ላይ አወጣው። እሱ ግን ያረጀ ቆብ ደፍቶ ይውላል፣ ርካሽ ሲጋራ ያጨሳል፣ ለእንግዳው አንዲት ብስኩት ያስቀርባል ይባላል። እኛም በቆቡ ስንስቅ ከቆቡ ሥር የተወጠነውን ሳንጠይቅ ተመርቀን መጣን።

በ1947 እንግሊዞች ሲወጡ ከ500 በላይ የሚሆኑት የሕንድ መሳፍንት ከሕንድ ወይም ከፓኪስታን ጋር ተቀላቀሉ ተባሉ። ኒዛሙ ሁለቱንም አልወደደም። ወደ 16 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው፣ አብዛኛው ነዋሪ ሂንዱ የሆነው፣ ዙሪያውን በሕንድ የተከበበው ግዛቱ ነጻ አገር እንዲሆን ተመኘ። የባሕር በርም አልነበረውም፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ነገሩ ለአንድ ዓመት ባለበት እንዲቆይ ከሕንድ ጋር ስምምነት ፈርሞ ቀን ሲገፋ፣ ራዛካሮች የተባሉት የካሲም ራዝቪ ሙስሊም ታጣቂዎች መንደር እየዘረፉ ሰው ሲገድሉ አላስቆማቸውም። በመስከረም 1948 የሕንድ ጦር ገባ፤ በአምስት ቀን ሁሉም አለቀ።

አለቀ ስንል ለኒዛሙ ነው! ለሙስሊሙ ባላገርማ እልቂቱ ያን ጊዜ ጀመረ። የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ጉዳዩን እንዲያጣራ የላከው የሱንደርላል ኮሚቴ የሟቾቹን ቁጥር ከ27,000 እስከ 40,000 ገመተ። ኒዛሙስ? በሬዲዮ ቀርቦ ጥፋቱን በራዝቪ ላይ ጫነ። ከ1950 እስከ 1956 ራጅፕራሙክ ተብሎ በዚያው ግዛት የክብር ርእሰ መስተዳድር ሆነ። ዓመታዊ አበል ተቆረጠለት። በ1967 በቤተ መንግሥቱ ዐረፈ፤ አልማዙም ለቤተሰቡ ተረፈ። ጌታው ቆመረ፣ ገበሬው በልጆቹ ከፈለ! ዴልሂስ ብትሆን ሪፖርቱን ለአሥርት ዓመታት ቆልፋ ያስቀመጠችው የሚያስመካ ሆኖ ነው? መሥራቻችን ነውና ዝም እንበል የሚለኝ ካለ፣ ዲግሪዬን የሰጡኝ እንዳነብ እንጂ ዝም እንድል አይደለም።

በዚያው ከተማ ኤሲ ጋርድስ ስለሚባለው ሰፈር፣ ስለ ኒዛሙ አፍሪካውያን ፈረሰኞችና እዚያ ስለቀሩት ዘሮቻቸው የምለው ነበረኝ። ሰዓቱ ሄደ፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልናሳትም ባሰብነው መጽሔት የኒዛሙ ፎቶግራፍ ይግባ፤ አልቃወምም። ከጎኑ የኮሚቴው ግምት ይጻፍ። ቦታ ጠበበ ከተባለ የአልማዙ ወሬ ይቀነስ።

አመሰግናለሁ።