ጉድዊል የማን ነው? ሰውን በሥራ የሚረዳውን ቤት የሚመሩት ሰዎች

ሰላም ሰላም ወገኖቼ! እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው አሜሪካ ያላችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት ቤት ነው። ሰማያዊው ምልክት፣ ግማሽ ፊት ፈገግ ያለበት። አዎ፣ ጉድዊል! አዲስ ገብቶ የመጀመሪያውን የክረምት ኮት፣ የመጀመሪያውን ድስት፣ የልጁን ብስክሌት እዚያ ያልገዛ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። አገር ቤት ላላችሁ በአጭሩ፦ ሰው የማይፈልገውን ልብስና ዕቃ በስጦታ ይቀበላል፣ ይመርጣል፣ ዋጋ ለጥፎ በርካሽ ይሸጣል። የሳልባጅ ሱቅ በሉት። ግን ከ3,000 በላይ ሱቆች ያሉት!

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሱቁ ገቢ ማግኛ ነው። ገቢው የሚውለው ሥራ ማግኘት ለከበደው ሰው ነው። ለአካል ጉዳተኛው፣ ከእስር ለወጣው፣ ለዓመታት ከሥራ ለራቀው፣ እንደኛ ከሌላ አገር ለመጣው። ኮምፒውተር ያስተምራሉ፣ ሲቪ አብረው ይጽፋሉ፣ ቀጣሪ ያፈላልጋሉ፣ ብዙዎችን ደግሞ እዚያው ይቀጥራሉ። ካሸር ላይ ሒሳብ የተቀበለቻችሁ ልጅ ራሷ የዚህ ፕሮግራም ሰው ልትሆን ትችላለች።

ታዲያ ይህን ቤት ማነው የሚመራው? ስንት ይከፈለዋል? ለመሆኑ የማን ነው? ወገኖቼ፣ የዛሬው ጉዳያችን ይኼ ነው። ሰዎቹ!

ከመጀመሪያው ሰውዬ እንነሳ። ኤድጋር ሄልምስ ይባላል። በ1863 የተወለደ የሜቶዲስት ቄስ ነው። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩ። ይህ ቄስ በ1895 ቦስተን ውስጥ ሳውዝ ኤንድ የሚባል ሰፈር ተመደበ። ሰፈሩ ከአውሮፓ በመጡ ስደተኞች የተጨናነቀ፣ ድህነት ያጎበጠው ነበር። ሄልምስ ምን አደረገ? ጆንያ ይዞ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ሄደ። የቡና ጆንያ! በር እያንኳኳ ያረጀ ልብስ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተጣለ ጫማ ለመነ።

ያመጣውን ዝም ብሎ ማደል ይችል ነበር። አላደረገውም። ሥራ ያጡትን ሰበሰበና ልብሱን እንዲጥፉ፣ ጫማውን እንዲጠግኑ፣ ወንበሩን እንዲያድሱ አደረገ። ለድካማቸው ከፈላቸው። የተጠገነውን ለዚያው ሰፈር ሰው በሚችለው ዋጋ ሸጠ። በሽያጩ መልሶ ደመወዝ ከፈለ። ይህ የሆነው በ1902 ነው። «ምጽዋት ሳይሆን ዕድል» ይሉታል።

እኔ በዚህ ነገር ልቤ ይነካል፣ እውነቴን ነው። አስቡት። የጠገነው ሰው ሠራተኛ ሆነ። የገዛው ሰው ደንበኛ ሆነ። ከመካከላቸው የለመነ ሰው ቢኖር ቄሱ ብቻ ነው። ልመናውን እሱ ወሰደላቸው! መሪነት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን ነው የማሳየው።

ሄልምስ በ1942 ሲሞት ሥራው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተተክሎ ነበር። ልጆቹ ግን የሚወርሱት ሱቅ አልነበረም። አንድም!

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ያንን ሁሉ አቁሞ፣ መርቶ፣ የሱ ካልሆነ የማን ነው? ወገኖቼ፣ እድርን የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በእድር ላስረዳችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፣ እድር ላይ መቆየት እወዳለሁ።

እድር የማን ነው? «የነጋሽ እከሌ እድር» እንላለን። የጋሽ እከሌ ንብረት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ድንኳኑ የማን ነው? አግዳሚ ወንበሩስ? ያ መንደሩን ሁሉ የሚያበላው ብረት ድስትስ? የእድሩ ዳኛ ቢያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑ ደጁ ላይ ይተከላል፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ ያለቀስነውን ያህል አልቅሰን ስንጨርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ልጆቹ አይወርሱትም። ሃያ ዓመት ዳኛ ቢሆን አይወርሱትም። ድንኳኑን መርካቶ ሄዶ፣ ተከራክሮ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ቢሆንም አይወርሱትም!

ሁለተኛ። እድር ገንዘብ ይተርፈዋል ወይስ አይተርፈውም? ይተርፈዋል እንጂ! ገንዘብ ያዡ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ባንክ አለ ይላል። የተረፈውን ዳኛውና ጸሐፊው ይካፈሉታል? ወዮላቸው! አዲስ ድንኳን ይገዛበታል፣ የጎደለ ሳህን ይሟላበታል። ጉድዊልም እንዲሁ ነው። ሱቁ ያተርፋል፣ ማትረፍም አለበት። ትርፉ ግን የማንም ኪስ አይገባም።

ሦስተኛ፣ እኔ በጣም የምወደው። ለፋፊው። ገና ሳይነጋ ተነስቶ፣ በብርድ፣ በጭቃ፣ ጥሩምባውን እየነፋ መንደሩን የሚያዳርሰው ሰው። ይከፈለዋል አይደል? የእድሩ ዘበኛም ይከፈለዋል። «የእድር ገንዘብ በላ» የሚላቸው አለ? የለም። ሥራ ነዋ! ዳኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው የሚያገለግለው።

አሁን ጉድዊል ላይ እናምጣው። የቦርድ አባላቱ እንደ ዳኛውና እንደ ጸሐፊው ናቸው፣ በአብዛኛው በነጻ ያገለግላሉ። ሲኢኦው፣ ማለትም ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማነው? ሲኢኦው እንደ ለፋፊው ነው! አዎ፣ ሱፍ የለበሰው፣ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ሰውዬ። ቦርዱ ይቀጥረዋል፣ ቦርዱ ደመወዙን ይቆርጣል፣ ቦርዱ ያሰናብተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአንዱ መንደር እድር በሌላው እድር ላይ አያዝም። ጉድዊልም አንድ ድርጅት አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ150 በላይ ጉድዊሎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ሲኢኦ፣ የራሱ ሒሳብ አለው። በላያቸው ያለው ማዕከል እንደ እድሮች ኅብረት ነው፣ መቀመጫውም ሮክቪል፣ ሜሪላንድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ነው!

እድሩ የማይመስልበት ቦታ ግን አለ። እድር ለአባላቱ ነው። ጉባኤ ላይ አንዲት እናት ተነስተው «ያ ሁሉ ብርጭቆ የት ገባ?» ብለው ያፋጥጣሉ። ጉድዊል የሚረዳው ግን ቦርዱን የማያውቅ፣ ስብሰባ የማይጠራ ሰው ነው። ታዲያ ብርጭቆው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ማነው? ሕጉ ነው። እዚህ በፍጥነት እሄዳለሁ።

ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሆነ ድርጅት፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ገቢው ለውስጥ ሰው ጥቅም መዋል አይችልም። በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሪፖርት ለአይ አር ኤስ፣ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ያስገባል፣ የቦርዱና የኃላፊዎቹ ስምና ክፍያ እዚያ ላይ ይጻፋል፣ ለጠየቀ ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለበት። የሲኢኦ ደመወዝ ሲወሰን ብዙ ጊዜ በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌላቸው የቦርድ አባላት ይወስናሉ፣ ተመሳሳይ ድርጅቶች ስንት እንደሚከፍሉ ያያሉ፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ያስቀምጣሉ። ከልክ በላይ የወሰደ ኃላፊ ከልክ ያለፈውን ይመልሳል፣ በላዩ ላይ የዚያኑ 25 በመቶ ቅጣት ከራሱ ኪስ ይከፍላል፣ አልመልስም ካለ ቅጣቱ 200 በመቶ ይደርሳል። አለቀ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ሳይወሳሰብ መስማት የምትወዱ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ፣ ቻናሉን የሚያቆመው የእናንተ ድጋፍ ነው።

እሺ። ወደሚቀጥለው ልሄድ ነበር፣ ግን አልሄድም። ምክንያቱም ጉድዊልን ባነሳሁ ቁጥር ያቺ መልእክት ትመጣለች። ታውቋታላችሁ። በዋትስአፕ፣ በቫይበር፣ በቴሌግራም የምትዞረው። «ለጉድዊል አትስጡ! ባለቤቱ ማርክ ከረን በዓመት 2.3 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል፣ ዕቃውን በነጻ ያገኛል፣ ለሠራተኛው ምንም አይከፍልም!» አክስቶቻችን ልከዋታል፣ የቤተ ክርስቲያን ግሩፕ ውስጥ ገብታለች፣ በቅን ልብ ነው የሚልኳት፣ ሰው እንዳይታለል ብለው።

ወገኖቼ፣ ማርክ ከረን የሚባል የጉድዊል ባለቤት የለም። ኖሮም አያውቅም። በዚህ ስም የመራው ሲኢኦም የለም። መልእክቷ ከሃያ ዓመት ገደማ ጀምሮ በኢሜይል ስትዞር የኖረች ናት፣ አሁን ስልካችን ውስጥ ገባች። ደሞም ከሁሉ በላይ እድሩን አስታውሱ፦ ባለቤት ሊኖረው አይችልም! «የጉድዊል ባለቤት» የምትል መልእክት ስታዩ እዚያው ላይ ማቆም ትችላላችሁ፣ ቀሪውን ማንበብም አያስፈልግ።

«አንተ ግን ለምን ትከላከልላቸዋለህ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ የምከላከለው እውነቱን ነው። በመቶ ሺዎች ዶላር የሚከፈላቸው የጉድዊል ኃላፊዎች አሉ፣ ፎርም 990 ላይ በስማቸው ተጽፏል። በዛ ማለት መብታችሁ ነው። የማልፈልገው በሌለ ሰውና በሌለ ቁጥር ስንከራከር ትክክለኛው ጥያቄ እንዲያመልጠን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ደግሞ አለ፣ ከባድ ጥያቄ።

ጂም ጊቦንስን ላስተዋውቃችሁ። በ2008 ማዕከሉን ሊመራ መጣ። ዓይነ ስውር ነው። ከሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት በማስተርስ የተመረቀ የመጀመሪያው ዓይነ ስውር እሱ ነው። ሥራ በር ላይ መመለስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ለሚያውቁ ሰዎች የቆመ ቤት በእንዲህ ያለ ሰው ሲመራ ደስ ይላል። ከሱ በኋላ በ2019 የመጣው ስቲቭ ፕሬስተን በቡሽ ዘመን የቤቶች ልማት ሚኒስትር የነበረ ነው፣ እሱን በሌላ ጊዜ።

አሁን ከባዱ። በአሜሪካ የ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 14 ሲ የምትባል አለች። ቀጣሪ ልዩ ፈቃድ ካወጣ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል ትፈቅዳለች። በሕግ! አንዳንድ የአካባቢ ጉድዊሎች ይህን ፈቃድ ይጠቀሙ ነበር። በ2013 ጉዳዩ በቴሌቪዥን ወጣ፣ ሰዉ ተቆጣ፣ ጊቦንስም አሠራሩን ተከላከለ። መከራከሪያው ይህ ነው፦ ያቺ ፈቃድ ባትኖር እነዚህን ሰዎች የሚቀጥር የለም፣ ሥራው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከቤት መውጣት፣ ጓደኛ፣ ክብር ይሰጣቸዋል።

ክርክሩን ሰማሁት፣ አልተቀበልኩትም። ሄልምስ ለጠገነው ሰው የከፈለው ለክብሩ ነበር። አለቃው ሙሉ ደመወዝ እየወሰደ፣ ከሱ ሥር ያለችው ዕቃ የምትለይ ሴት የሕጉን ትንሹን እንኳ ካላገኘች፣ ክብሩ የማን ሆነ? አንዳንድ ግዛቶች ይህን ዘግተውታል። ሜሪላንድ፣ ያው ማዕከሉ ያለባት፣ በ2016 ሕግ አውጥታ በ2020 ጨርሳ አቁማዋለች። ከዝቅተኛው በታች የከፈለው ሁሉም ጉድዊል አይደለም፣ ይህን አስምሩበት፣ ያደረጉት የአንዳንዶቹ ቦርዶች ናቸው። ለዚህ ነው ከ150 በላይ መሆናቸውን ቀድሜ የነገርኳችሁ፦ ጥያቄውን የምታቀርቡት ለእናንተ አካባቢ ቦርድ ነው።

እንዴት? ፕሮፐብሊካ ናንፕሮፊት ኤክስፕሎረር የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። የአካባቢያችሁን ጉድዊል ስም አስገቡ፣ ፎርም 990 ይመጣላችኋል፣ ክፍል ሰባት ላይ ማን ስንት እንደተከፈለው ታያላችሁ። ከዚያ ሱቁ ሄዳችሁ ሥራ አስኪያጁን በትህትና ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ሥራ አስያዛችሁ? በሰዓት ስንት እየተከፈላቸው? ብዙዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ሥራ የምትፈልጉ ደግሞ ዕቃ ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ብዙዎቹ የሥራ ማፈላለጊያ ማዕከል አላቸው፣ ነጻ ነው። ሲቪውን አብረዋችሁ ይሠራሉ፣ የኢንተርቪው ልምምድ ያደርጋሉ። «ካሪየር ሴንተራችሁ የት ነው?» በሉ፣ ያሳዩአችኋል። የሄዳችሁበትን ከተማና ያገኛችሁትን አገልግሎት ከታች ጻፉልኝ፣ በከተማ በከተማ ለይቼ ለአዲስ ገቢዎች አስቀምጠዋለሁ።