ሰሌዳውን ያስቆመው ማን ነው? የቴክሳሷ ያንግ ካውንቲ

ዳዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከዳላስ ተነስታችሁ፣ ፎርት ዎርዝን አልፋችሁ ወደ ያንግ ካውንቲ ከተማ ወደ ግራሃም ስትነዱ መንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳዎች ታያላችሁ። በቴክሳስ ከ16,000 በላይ አሉ። ሄሉ፣ አንቺ ቆመሽ ታነቢያለሽ አሉ።

ሄለን፦ አነባለሁ እንጂ። አንተስ?

ዳዊት፦ በጭነት መኪና የት አባቴ ልቁም?

ሄለን፦ እንግዲያው ስማኝ፣ የዛሬው ታሪክ የናንተው የጭነት ሰዎች ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 18 ቀን 1871 ሳልት ክሪክ በሚባለው ሜዳ ላይ ለጦር ሰፈር ስንቅ የጫነ የበቅሎ ጋሪ ቅፍለት ሲያልፍ የካዮዋና የኮማንቼ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ወረዱበት። ከ12 ነጂዎች 7ቱ ተገደሉ።

ዳዊት፦ የአሜሪካ ጦር አዛዡ ጄኔራል ሼርማንም በዚያው መንገድ አልፎ ነበር፣ አይደል?

ሄለን፦ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ! ማማንቲ የሚባለው የካዮዋ ነቢይ «የመጀመሪያዎቹን አሳልፏቸው፣ ሁለተኞቹን ምቱ» ብሎ ነበር ይባላል።

ዳዊት፦ ወይ ዕድል! ኋላ የካዮዋ መሪዎቹ ሳታንታና ቢግ ትሪ በወረራው ተከሰው ጃክስቦሮ ከተማ ላይ ሞት ተፈረደባቸው፤ አገረ ገዥው ዴቪስ ነው ወደ ዕድሜ ልክ የለወጠላቸው።

ሄለን፦ እኔን የሚገርመኝ ግን ብሪት ጆንሰን ነው። በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው። በ1864 ካዮዋዎችና ኮማንቼዎች ባደረሱት የኤልም ክሪክ ወረራ አንድ ልጁ ተገደለ፣ ሚስቱና ሌሎቹ ልጆቹ ተማረኩ። ፍለጋ ወጣ፤ በ1865 ተመለሱለት። ከዚያ ጋሪ ነጂ ሆነ። በጃንዋሪ 1871፣ ቅፍለቱ ከመመታቱ አራት ወር ገደማ ቀድሞ፣ እዚያው አካባቢ የካዮዋ ተዋጊዎች ከሁለት ጥቁር ባልደረቦቹ ጋር ገደሉት።

ዳዊት፦ ሰሌዳ ላይ የሚወጣውን ታሪክ የሚመርጠው ማነው?

ሄለን፦ ያመለከተ ሰው ነዋ። ጥናቱን ከነማስረጃው ይጽፋል፣ የካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን ያያል፣ የክልሉ ኮሚሽን ይመረምራል። ከዚያ የአሉሚኒየሙን ዋጋ ያው ያመለከተው ወገን ይከፍላል። በ1936 የቴክሳስ መቶኛ ዓመት ሲከበር የቆሙት የግራናይት ድንጋዮች ደግሞ የመንግሥት ናቸው። ቋንቋቸው ግን የሰፋሪው ነው፤ ሰፋሪ ሲሞት «ጭፍጨፋ»፣ ሰፋሪ ሲገድል «ውጊያ»።

ዳዊት፦ አሁንም እንደዚያው ነው?

ሄለን፦ ክልሉ ብዙ ላልተነገረላቸው ታሪኮች ወጪውን የሚሸፍንበት አሠራር አምጥቷል፤ ለዚያም ውድድር አለው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስቀድመው በ1854 እዚያው ያንግ ካውንቲ ውስጥ ለነባር ሕዝቦች የተከለለውን የብራዞስ ሰፈር ነው። ካዶ የሚባሉት ነባር ሕዝቦችና ሌሎችም እርሻ ይዘው ይኖሩበት ነበር። ሰፋሪዎች አላስቀምጥ ሲሏቸው በ1859 ሮበርት ኔበርስ የሚባለው ሹም ቀይ ወንዝን አሻግሮ አደረሳቸው። ሲመለስ እዚያው ካውንቲ ቤልናፕ በምትባል መንደር ላይ አንድ ሰው ከጀርባው በጥይት ገደለው።

ዳዊት፦ የካዶ ልጆችስ?

ሄለን፦ ኦክላሆማ ናቸው።

ዳዊት፦ ከዚያ ሆነው ማመልከት ይችላሉ?

ሄለን፦ ማንም ይችላል። ወረቀቱ ግን መጀመሪያ በካውንቲው ኮሚሽን ማለፍ አለበት። ኮሚሽኑ ደግሞ ያለው እነሱ ከተባረሩበት ካውንቲ ነው።