ልጅ በገና እንግዳ አይደለም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ማንንም አልጋበዝኩም። ገና እየደረሰ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ በዓሉንም ከነዘመድ አዝማዱ የምታሳልፉ ሰዎች፣ ሰሞኑን ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚመላለሰውን አውቀዋለሁ። ዶሮ ማን ይገዛል፣ ቅርጫ ከማን ጋር እንገባለን፣ የክፍለ ሀገር ዘመዶች መቼ ይደርሳሉ፣ ማን የት ያድራል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን አንድ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ልጆቹ የት ናቸው?

አብዛኛውን ጊዜ ሳሎን ናቸው። ቴሌቪዥን ፊት። ነጭ በነጭ እናለብሳቸውና «እንዳታቆሽሹት» እንላለን። ወጥ ቤት ብቅ ሲሉ «እሳት አለ፣ ውጡ!» ግቢ ሲወጡ «ቀሚስሽን!» ምግቡ ሲደርስ ይጠራሉ፣ ይጎርሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይተኛሉ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይህ የእንግዳ አያያዝ ነው። ሥራ የማናስነካው እንግዳን ነው። ልጅ ግን በገዛ ቤቱ በዓል እንግዳ መሆን የለበትም። ባለቤት ነው፤ ባለቤት ደግሞ ሥራ አለው።

እኔ ባደግኩበት ቤት በበዓል ቀን ሥራ የሌለው ልጅ አልነበረም። ቄጤማ የሚጎዘጉዝ አለ፣ እጅ የሚያስታጥብ አለ፣ ፈንዲሻ የሚያዞር አለ። የእኔ ሥራ ለጎረቤት ዳቦ ማድረስ ነበር። አባባ ድፎውን ባርኮ ከቆረሰ በኋላ እናቴ ሰሃን ላይ ታደርግና በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ከዚያ በር ላይ አቁማ ታስጠናኛለች፤ «'እማዬ እንኳን አብሮ አደረሰን ብላችኋለች' በይ። ጎንበስ ብለሽ፣ በሁለት እጅሽ ስጪ።» እስከ ጎረቤት በር ድረስ ያቺን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ እሄዳለሁ። ያን ሰዓት ልጅ ብቻ አልነበርኩም፤ ቤታችንን ወክዬ ነበር የምናገረው። ሰሃኑም ባዶውን አይመለስም። የሙስሊም ጎረቤታችን ድርሻ ደግሞ ዳቦና ለስላሳ ነበር፤ ሥጋ የነካ ነገር ወደዚያ አይሄድም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሰሃኑን ተሸክሜ ነው ያወቅኩት።

አሁን የእኔ ልጆች ስድስትና ሦስት ዓመት ናቸው። ገናን እናቴ ቤት ነው የምናከብረው፤ አክስቶቼ፣ ታላቅ ወንድሜ ከነቤተሰቡ፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት ዋዜማው ላይ ልጄን አያቱ ጠራችውና የዶሮ ወጡን እንቁላል እንዲልጥ ሰጠችው። እንደምታውቁት አሥራ ሁለት ብልት፣ አሥራ ሁለት እንቁላል ነው። ምድጃው ላይ ሽንኩርቱ ገና ያለ ዘይት እየበሰለ ነው፤ ቤቱ በሽንኩርቱ ሽታ ታፍኗል፣ የሁላችንም ዓይን ያነባል። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጎድጓዳ ሰሃኑን ጉልበቱ መሀል አድርጓል። ቅርፊቱን በጥፍሩ እየቆነጠረ ሲያነሳ ነጩ አብሮ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንቁላሉ ፊቱን ፈንጣጣ የበላው መሰለ። አክስቴ አየችና «ኧረ ይሄ ለሰው ይቀርባል?» አለች። እናቴ ሽንኩርቱን ከማማሰል ቀና ሳትል «ተዪው እስቲ፣ እጁ ይልመድ» አለቻት። አሥራ ሁለቱንም ላጣቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልሙጥ ሆነው ወጡ። ከዚያ ቅመሙ እንዲገባበት ጎኑን በቢላ ጫር ጫር ማድረግን ራሷ እጁን ይዛ አሳየችው። በበዓሉ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው «እኔ ነኝ የላጥኩት» ሲል ዋለ። ያቺን የአንድ ሰዓት መዘግየት ምንም ቢሰጡኝ አልለውጣትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በብዙ ቤት ሥራው የሴት ልጅ ነው፣ ጨዋታው የወንድ ልጅ። የስምንት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው ወንድሟ ኳስ ይጫወታል። ይህ ልክ አይደለም። ማስታጠቢያውን ወንዱም ይያዝ፤ ሜዳውንም ሴቷ ትውጣበት። ደግሞ ቤተሰብ ሲበዛ ይህን ለመቀየር ይቀላል፤ ምክንያቱም ልጁ ሲያስታጥብ የሚመርቀው ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌ «እደግ፣ ተመንደግ» ሲለው ያልኮራ ወንድ ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ዶሮው ደግሞ። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ይገዛና እግሩን ታስሮ ግቢ ውስጥ ይሰነብታል። ልጄ በነዚያ ቀናት ጥሬ ሲያበላው፣ ውሃ ሲያጠጣው ከረመ። ስም አወጣለት። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሲታረድ አላሳየነውም፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ማየት አለበት ብዬ አላምንም። ግን ገብቶት ነበር፣ አለቀሰ። ከዘመዶቻችን አንዱ ሳቀና «ወንድ ልጅ ለዶሮ ያለቅሳል?» አለው። እኔ ያለቅሳል ባይ ነኝ። ማልቀሱ ደግ ነገር ነው። «በረረ» ወይም «ጠፋ» ብሎ መዋሸትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ ይዞት ወጣና ድንጋይ ላይ አብረው ተቀመጡ። «አዎ፣ እሱ ነው። አብልተኸዋል፣ አጠጥተኸዋል፤ ጥሩ አድርገህ ነው የያዝከው። እኛም ስንበላው እግዚአብሔርን እናመሰግናለን» አለው። ልጄ ወጡን በላ? እንቁላሉን ብቻ በላ። ማንም አላስገደደውም። ትልቅ ቤተሰብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ እኔ በዚያ ሰዓት እጄ በርበሬ በበርበሬ ሆኖ እንዲያ ያለ መልስ አላገኝም ነበር።

ሌላው የጥያቄ ምንጭ ደግሞ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ናት። ልጆቿ በዲሴምበር 25 ያከብሩና በቪዲዮ ይደውላሉ፤ ዛፉ በርቷል፣ ስጦታው ተከፍቷል። በእኛ አቆጣጠር ያኔ ታኅሣሥ 16 ነው፣ ጾም ላይ ነን። ልጄ ስልኩ ሲዘጋ «እንዴ፣ ጌታ ሁለቴ ነው የተወለደው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ለአጎቴ አስተላለፍኩት፤ እሳቸው በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባቄላ አስመጡና ጠረጴዛው ላይ ደረደሩለት። መልአኩ እመቤታችንን ያበሠራት መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቁጠር። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ፣ ጳጉሜንም አምስት ስለሆነች፣ 275 ቀን ሲሞላ ታኅሣሥ 29 ላይ ይወድቃል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ደግሞ አንድ ቀን ስለተጨመረች ልደቱ በ28 ይውላል፤ 2016 ላይ በ28 ያከበርነው ለዚህ ነው። ልጄ ያቺን ስድስተኛዋን ባቄላ ሲያስገባና ሲያወጣ አመሸ።

የውጮቹ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በድሮው በጁልየስ ቄሳር አቆጣጠር የእኛ ታኅሣሥ 29 ዲሴምበር 25 ላይ ነበር የሚውለው። በፈረንጆቹ በ1582 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያርሙ አሥር ቀን ዘለሉ፤ ልዩነቱም እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። አጎቴ ለልጅ ሲያሳጥሩት «የእህትህ ልጆች... የአክስትህ ልጆች ማለቴ ነው፣ እነሱም ልክ ናቸው፣ እኛም ልክ ነን፤ የቀን መቁጠሪያው ነው የተለያየው» አሉት። ደስ ያለኝ የማንንም በዓል ሳያሳንሱ መልስ መስጠታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ልጄ ለአክስቱ ልጆች ደውሎ «የእናንተ አልፏል፣ የእኛ ገና ነው፣ ስለዚህ እናንተም ሁለቴ አክብሩ» አላቸው። ዘንድሮ በታኅሣሥ 29 እነሱም ነጭ ለብሰው ሊደውሉ ቃል ገብተዋል።

ወደ ሌሊቱ ልምጣ። የገና ቅዳሴ በሌሊት ነው፤ ከ28 ማታ ጀምሮ ማኅሌቱ ይቆማል። ትንንሽ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ? እኛ ቤት በዚህ ላይ ሁልጊዜ ክርክር አለ። አንዷ አክስቴ «ይበርዳቸዋል» ትላለች፣ ታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ እውነት ነው። እናቴ ደግሞ «እኔ አንቺን አዝዬ ነው የሄድኩት» ትላለች። የእኔ አቋም መሀል ላይ ነው። ትንሿን ቤት እተዋታለሁ፤ ትልቁን ማታ ላይ እንወስደዋለን፣ ጧፍ ይዞ ዝማሬ እስኪሰማ፣ ዓይኑ መክበድ ሲጀምር አንዱ ዘመድ ይዞት ይመለሳል። ተኝቶ ቅዳሴ ከሚያመልጠው ይልቅ ተነጫንጮ ቤተ ክርስቲያንን የሚጠላው ልጅ ያሳዝነኛል።

ጠዋት ላይ ቴሌቪዥኑን እኔም አልቃወምም፤ የላሊበላው የቤዛ ኩሉ ዝማሬ ይታያልና። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ቅዱስ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ ቀን እንደሆነ ነው የሚነገረው። ባለፈው ዓመት ትንሿ ልጄ ይህን አየችና መጥረጊያ እንጨት አመጣች። መቋሚያዋ ነው። የወንድሜ ልጆች ሶፋው ላይ ወጡ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ ቀረች፤ እነሱ ሲያጎነብሱ እሷም ታጎነብሳለች፣ ቃሉን ስለማታውቀው «ቤዛ፣ ቤዛ» ብቻ ትላለች። አያቴ እጃቸውን እያጨበጨቡ ተቀበሏት። ማንም «ውረዱ ከሶፋው» አላለም።

የዘመድ ነገርም መነሳት አለበት። በዓል ላይ ልጅ የማያውቀው ብዙ ሰው ይመጣል። «ና ሳመኝ፣ እምቢ? አፍሯል!» ይባላል። «እስቲ መዝሙር አውጣ፣ የአጎትህ ልጅ እኮ በደንብ ይዘምራል» ይባላል። በፍቅር እንደሚባል አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅን ከልጅ ማወዳደር በበዓል ቀን ጭምር ያማል፤ ለተወዳዳሪውም፣ ለተመሰገነውም። እኛ ያገኘነው መላ ሰላምታውን ከሥራ ጋር ማያያዝ ነው። ልጁ ለመሳም ሳይሆን ፈንዲሻ ይዞ ይሄዳል። «እንኳን አደረስዎ» ይላል፣ ያቀርባል። ትልልቆቹ ይመርቁታል። ሁለተኛ ዙር ቡና ላይ ያ ሲያፍር የነበረ ልጅ ራሱ እቅፋቸው ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ውጭ ነው። የገና ጨዋታ አሁን በባህል ስፖርት ውድድር ላይ ካልሆነ ከተማ ውስጥ ብዙም አይታይም፤ ልጆቻችን ገና የሚለውን ለበዓሉ እንጂ ለጨዋታው አያውቁትም። እረኞቹ የልደቱን የምሥራች ሲሰሙ በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ፣ ጨዋታው ከዚያ መጣ ተብሎ ነው የሚተረከው። ወንድሜ ጫፋቸው የቆለመመ እንጨቶች አዘጋጅቷል፤ ሩሯ ግን ለልጆቹ ሲባል የጨርቅ ኳስ ናት፣ የእንጨቷ ጥርስ ታወልቃለች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን ለአዋቂዎቹም አስታውሰናል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ አጎቱን ቁርጭምጭሚቱ ላይ መቶት ነበር፣ አጎትየውም እያነከሰ ሳቀ።

የዘንድሮውን የሥራ ክፍፍል ከእናቴ ጋር ጨርሰናል። ልጄ እንቁላሉን ይልጣል፤ ይህን ሊወስድበት የሚችል የለም። የወንድሜ ወንድ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ እህቱ የገናው አንደኛ ቡድን አለቃ ናት። ትንሿ ልጄ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች፤ ግማሹ ቀሚሷ ላይ እንደሚቀር እናውቃለን፣ ሌላ ቀሚስ ይዘናል። ለጎረቤት ዳቦውን የሚያደርሱት ሁለቱ ወንድማማች የአጎቴ ልጆች ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሯን በስልክ እያስጠናኋቸው ነው።

በእናንተ ቤት ለልጅ የሚሰጠው የበዓል ሥራ ምን ነበር? አሁንስ ለልጆቻችሁ ምን ሰጣችኋቸው? በድምፅም በጽሑፍም ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነባቸዋለሁ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።