ኦክስጅን አይመረትም፣ ይለያል

(በአዳማ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው። ከሁሉ በላይ ጊዜዬን የሚበላው የኦክስጅን ማሽን ነው። ብዙ ሰው «ማሽኑ ኦክስጅን ይሠራል» ይላል። አይሠራም። ኦክስጅኑ እዚሁ አዳማ አየር ውስጥ አለ። ማሽኑ ሌላውን ጋዝ ይቀንስለታል፣ በቃ።

ሌላው ምንድን ነው? ደረቅ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው። አርጎን አንድ በመቶ አይሞላም። ሁሌ የሚወራለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። መቶኛው አዲስ አበባም አዳማም ያው ነው። አዲስ አበባ ዳገት ስንወጣ የሚያለከልከን ከፍ ሲባል አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኮምፕረሰሩ አየሩን ይጨምቃል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከዚያ ዚዮላይት የሚባል ጥቃቅን ጠጠር የታጨቀበት ታንክ ውስጥ ይገባል። ዱቄት በወንፊት እንደሚነፋ አድርጋችሁ እንዳታስቡት። የኦክስጅንና የናይትሮጅን ሞለኪውሎች መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ዚዮላይት ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አዮኖች አሉ፤ ከኦክስጅን ይልቅ ናይትሮጅንን አጥብቀው ይስባሉ። ስለዚህ ናይትሮጅኑ ይለጠፋል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ጠጠሩ ሲጠግብ ግፊቱ ይለቀቅና ናይትሮጅኑ «ፍስስስ» ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ይሄኔ ሁለተኛው ታንክ ሥራውን ይረከባል።

የሚወጣው ኦክስጅን 93 በመቶ ገደማ ነው። ለምን 100 አይሞላም? ጥፋተኛው አርጎን ነው። ዚዮላይቱ ከኦክስጅን ስለማይለየው አብሮ ሾልኮ ያልፋል። ታካሚውን ግን አይጎዳም።

የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ። ነፋስ ሲነሳ ማጣሪያው ወዲያው ቡናማ ይሆናል፣ ኮምፕረሰሩም ይታፈናል። እሱስ ተጠርጎ ወይም ተቀይሮ ያልፋል። ክፉው እርጥበት ነው። ዚዮላይት ውሃ ካገኘ ናይትሮጅንን ይረሳል። ማድረቂያው ከተበላሸ ማሽኑ እንደ ድሮው ይጮኻል፣ የሚያወጣው ግን እያደር ተራ አየር ይሆናል። ስለዚህ ድምፁን ሰምቼ «ይሠራል» አልልም፤ ንጽህና መለኪያውን ነው የማየው።

በብዛትና በጥራት ሲፈለግ ሌላ መንገድ አለ። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1895 አየርን በብዛት ፈሳሽ አደረገ። የተጨመቀ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው ተከታዩን እያቀዘቀዘ በመጨረሻ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ልክ አረቄ ሲወጣ እንደምታዩት በመፍያ ነጥብ ይለያል፤ ናይትሮጅን በ-196 ዲግሪ፣ አርጎን በ-186፣ ኦክስጅን በ-183። አርጎን እዚህም ከኦክስጅን በ3 ዲግሪ ብቻ ርቆ ያስቸግራል! ደግነቱ አሉሚኒየም የሚበይዱ ልጆች ይፈልጉታል። ከጋለ ብረት ጋር ስለማይዋሃድ ብየዳውን ከአየር ይከላከልላቸዋል።

ቤተሰቡ ጋራዥ ወይም ብየዳ ቤት ያለው እዚህ አይጠፋም። አንድ ነገር ንገሩልኝ። የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቭ ቢጠብቅም ዘይት ወይም ግሪስ አይቀባም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ በከፍተኛ ግፊት ዘይት ካገኘ ግን ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥለው ይችላል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አንድ ትንሽ ማሽን ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ያላችሁ ኑ፣ ክዳኑን እንፍታው።