«በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» ከማለታችን በፊት
በዌብ ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለመቅረብ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ በዌብ አፕሊኬሽን ውስጥ ስለ ስህተት አያያዝ፣ እንዲሁም ተጠቃሚው እየሞላቸው ስለሚያድጉና ስለሚቀንሱ ፎርሞች እንድናገር ጠይቀውኛል። ሁለቱን አንድ ላይ አነሣቸዋለሁ። እንዲህ ባሉ ፎርሞች ላይ መረጃ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ አንድ የኮዱ ክፍል ስህተቱን አውቆ ለሌላው ስላልነገረ ነውና።

እዚህ ያለነው ሁላችንም «ረድፍ ጨምር» የሚል ቁልፍ ሠርተናል። ቁልፉ ሲጫን አዲስ ረድፍ ይመጣል፣ አጠገቡ «ሰርዝ» አለ፣ ከታች ደግሞ «አስቀምጥ»። አራት አምስት ረድፍ ሞልተን ሞከርነው፣ ሠራ፣ አስረከብን። ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቁታላችሁ፤ «ያስገባሁት መረጃ የለም» የሚል ስልክ ይደወላል፣ እኛም «እኛ ጋ ይሠራል» ብለን እንዘጋዋለን። ዛሬ የመጣሁት በዚህ መልስ ላይ ያለኝን ቅሬታ ለማሰማት ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልውሰድ። አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ የዓመቱን ቆጠራ ታስገባለች እንበል። የፎርሙ የላይኛው ክፍል 12 ፊልድ (የመረጃ ቦታ) አለው፤ ቀን፣ የመጋዘን ቁጥር፣ የቆጣሪው ስም፣ ድብቁ የደኅንነት ቶክን (ጥያቄው ከራሳችን ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ መለያ)፣ ሌላም ሌላም። ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ በየረድፉ 8 ፊልድ ይዟል፦ ኮድ፣ ስም፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ መደርደሪያ፣ አስተያየት። ሠራተኛዋ 150 ረድፍ ሞልታ «አስቀምጥ» ትላለች። ብራውዘሩ 1,212 እሴቶችን ይልካል፤ አንድም አይጎድልም።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በአንድ ጥያቄ (ብራውዘሩ በአንድ ጊዜ በሚልከው) የሚቀበላቸውን እሴቶች ብዛት የሚገድበው፣ ማክስ ኢንፑት ቫርስ የሚባለው ቅንብር ማንም ካልነካው 1000 ነው። ስለዚህ ፒኤችፒ የመጀመሪያዎቹን 1000 ተቀብሎ የቀሩትን 212 ይጥላል። ከ1000ው ላይ የላይኛውን 12 ስትቀንሱ 988 ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል 123 ሙሉ ረድፍና የ124ኛው ግማሽ ነው። የ124ኛው ዕቃ ኮድ፣ ስም፣ መለኪያና ብዛት ደርሷል፤ ዋጋው፣ ቀኑ፣ መደርደሪያውና አስተያየቱ አልደረሰም። ከ125ኛው እስከ 150ኛው ያለው ጨርሶ የለም። የእኛ ኮድ የደረሰውን በሉፕ እየዞረ ያስገባል፣ የጎደለውን ዋጋ 0 ብሎ ይሞላል፣ ከዚያም በአረንጓዴ ሳጥን «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» ብሎ ይጽፋል።

ፒኤችፒ እርግጥ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው የሚወጣው የእኛ ኮድ ገና ሥራ ሳይጀምር ስለሆነ ያዘጋጀነው የስህተት መያዣ አይደርስበትም፤ ትራይ-ካች የሚባለው ስህተት የሚይዝ የኮድ ብሎክም አያየውም። ፕሮዳክሽን ላይ (ተጠቃሚዎች በሚሠሩበት ሰርቨር ላይ) ስህተት በስክሪን እንዳይታይ እናጠፋለን፣ ማጥፋታችንም ትክክል ነው። ስለዚህ መልእክቱ የሚገኘው በሰርቨሩ ሎግ (የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የፋይሉ ስም በሚጻፍበት ቦታ «ያልታወቀ»፣ በመስመሩ ቁጥር ቦታ 0 ይላል። ሎጉን የሚከፍት ሰው ቢኖር እንኳ ከኮዳችን የትኛው ፋይል ጋር እንደሚያያዝ አይጠቁመውም።

ገደቡ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 በርሊን ላይ በተካሄደው 28ኛው የኬኦስ ኮሙኒኬሽን ኮንግረስ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ፤ ታስበው የተመረጡ ብዙ የፊልድ ስሞችን በአንድ ጥያቄ በመላክ ስሞቹ በሰርቨሩ ሃሽ ቴብል (እሴቶች በስማቸው በሚቀመጡበት መዋቅር) ውስጥ እንዲጋጩ ማድረግና ፕሮሰሰሩን ጠምዶ መያዝ ይቻላል። ፒኤችፒ በ5.3.9 ሥሪቱ ገደቡን አስገባ። ማይክሮሶፍትም ወዲያው ኤኤስፒ ዶት ኔት ለሚባለው የዌብ መሥሪያው ተመሳሳይ የ1000 ገደብ አወጣ፤ ጃንጎ የሚባለው የፓይተን ቋንቋ የዌብ መሥሪያም በ1.10 ሥሪቱ ተከተለ። ቁጥሩ በሦስቱም አንድ ነው፤ የሚለዩት ገደቡ ሲጣስ በሚያደርጉት ነው። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ወርውሮ ያቆማል። ጃንጎ 400፣ ማለት «ጥያቄው ትክክል አይደለም» የሚለውን ኮድ ይመልሳል። ፒኤችፒ ግን ቆርጦ ይቀጥላል። ደብዳቤ ተቀብሎ የመጨረሻውን ገጽ ቀዶ ከጣለ በኋላ «ሙሉውን ተረክቤያለሁ» ብሎ እንደ መፈረም ነው። ፊርማውን የሚፈርመው ደግሞ የእኛ ኮድ ነው!

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙዎቻችን የምንሮጠው ገደቡን ወደ 5000 ወይም 10000 ለማሳደግ ነው። ከስክሪፕቱ ውስጥ በአይኤንአይ ሴት ፈንክሽን ማሳደግ አይቻልም፤ በፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ የቅንብር ፋይል ወይም በዳይሬክተሪው ቅንብር ነው የሚለወጠው። ማሳደጉ ችግሩን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ ቆርጦ መቀጠሉን አያስቀርም። እኔ የምለው ይህን ነው። ከፎርሙ መጀመሪያ ላይ የረድፎቹን ብዛት የያዘ ድብቅ ፊልድ አድርጉ፤ ረድፍ ሲጨመርና ሲሰረዝ ጃቫስክሪፕቱ ያድሰው። ከፎርሙ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቋሚ እሴት ያለው አንድ ድብቅ ፊልድ አስቀምጡ። ሰርቨሩ ሁለቱን ያይ። የመጨረሻው ፊልድ ካልደረሰ ወይም ብዛቱ ካልገጠመ፣ አንድም ረድፍ ሳይመዘገብ ጥያቄው በሙሉ ይመለስ። ከዚህ የተሻለው ረድፎቹን በጄሰን፣ ማለት መረጃን በአንድ ጽሑፍ በሚያስቀምጥ ቅርጸት፣ አንድ ላይ መላክ ነው፤ በጄሰን የተላከ የጥያቄ አካል በዚያ ገደብ አይቆጠርም። ያን ጊዜ የራሳችሁን የረድፍ ገደብ አስቀምጡ፣ ሲታለፍም «ከ500 ረድፍ በላይ በአንድ ጊዜ አይቀበልም» ብላችሁ ለተጠቃሚው ንገሩት።

ምዝገባው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን፤ ወይ ሁሉም ይመዝገብ ወይ አንዱም አይመዝገብ። መልእክቱም ቁጥር ይያዝ። ሠራተኛዋ የሞላችው 150 ሆኖ ስክሪኑ «124 ረድፍ ተመዝግቧል» ቢላት ያን ሰከንድ ትነቃለች። ያ ቁጥር ግን ተጠቃሚው ከላከው ሳይሆን ዳታቤዙ «አስገባሁ» ካለው መወሰድ አለበት።

ከጠፋ መረጃ የባሰው ቦታውን የሳተ መረጃ ነው። ሦስት ረድፍ አለን እንበል፤ በየረድፉ የዕቃ ስምና «ተበላሽቷል» የሚል ቸክቦክስ አለ። የፊልዶቹን ስም በባዶ ቅንፍ ብቻ ከጻፋችሁት ሰርቨሩ ሁለት ዝርዝሮች ይደርሱታል፤ አንዱ የስሞች፣ ሌላው የምልክቶች። ምልክት ያልተደረገበት ቸክቦክስ ግን ከብራውዘሩ ጨርሶ አይላክም። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ምልክት ተደርጎ ከሆነ የምልክቶቹ ዝርዝር ሁለት ብቻ ይሆናል፤ የሦስተኛው ምልክት በሁለተኛው ዕቃ ላይ ያርፋል። ደህናው ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ ይመዘገባል፣ የተበላሸው ደህና ይባላል። ስህተት የሚል መልእክት ከየትም አይመጣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ የፊልድ ስም ቅንፍ ውስጥ የረድፉን ቁጥር ጻፉ።

ቁጥሩን ስትጽፉ ደግሞ መሰረዝን አስቡ። ረድፎቹ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ሆነው ተጠቃሚው 2ን ቢሰርዝ 0፣ 1፣ 3 ይቀራሉ። የኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ ባይንደር (የተላኩትን እሴቶች ወደ ኮዱ ዝርዝር የሚያስገባው ክፍል) ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ረድፍ 3 አይደርሳችሁም። ወይ ከመላኩ በፊት ቁጥሮቹን አስተካክሉ፣ ወይ በየረድፉ ኢንዴክስ የሚባለውን ድብቅ ፊልድ ጨምሩ። ሪአክት የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የምትጠቀሙም የረድፉን ተራ ቁጥር ኪይ (የረድፉ መለያ) አታድርጉት። መሐል ላይ ያለ ረድፍ ሲሰረዝ በኢንፑቱ ውስጥ የተጻፈው ወደ ጎረቤቱ ረድፍ ይሸጋገራል። ረድፉ ሲፈጠር የማይለወጥ መለያ ስጡትና ያንን ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ብራውዘሩ። ተጠቃሚው «አስቀምጥ» ይጫናል፣ ምንም አይሆንም። ደግሞ ይጫናል፣ አሁንም ምንም። የብራውዘሩን ኮንሶል (የመልእክት መስኮት) ብትከፍቱ ክሮም ላይ ያልተሞላው ፊልድ ፎከስ ሊደረግ (ጠቋሚው ሊያርፍበት) እንደማይችል የሚገልጽ መስመር ታገኛላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተጠቃሚው «ያገባ» የሚለውን ሲመርጥ የሚወጣ ክፍል አለ፣ በውስጡ ሪኳየርድ (መሞላት ያለበት) የሆነ ፊልድ አለ፣ አሁን ግን ክፍሉ በሲኤስኤስ (በገጹ የቅርጽ ኮድ) ተደብቋል። ብራውዘሩ ፊልዱ አልተሞላም ብሎ ፎርሙን ያግዳል፣ መልእክቱን የሚያሳይበት ቦታ ግን የለውም። ክፍሉን በፊልድሴት (ፊልዶችን በሚያሰባስብ ኤለመንት) ውስጥ አድርጉና ሲደበቅ ፊልድሴቱን ዲስኤብልድ (የማይሠራ) አድርጉት። ዲስኤብልድ የሆነ ፊልድ ከቫሊዴሽን (ከትክክለኛነት ፍተሻ) ውጭ ነው፣ አይላክምም። እሴቱ እንዲላክ ፈልጋችሁ ማረሚያውን ብቻ መከልከል ከሆነ ሐሳባችሁ ግን ሪድኦንሊ (የሚነበብ ብቻ) ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ቀጥሎ የማነሣው በጣም የሚያናድደኝን ነው። ከገጹ ወደ ሰርቨር ጥያቄ የሚልከውን፣ ፌች የሚባለውን ፈንክሽን ሁላችንም በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ሰርቨሩ 500 (የራሱን መውደቅ የሚገልጽ ኮድ) ቢመልስም ፌች ፕሮሚሱን (ወደፊት የሚመጣውን መልስ የሚወክለውን ነገር) አይጥለውም፤ 404ም («አልተገኘም») 422ም («የተላከው መረጃ ትክክል አይደለም») ለእርሱ መልስ ናቸው። ወደ ካች የሚወረውራችሁ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ወይም ጥያቄው ከነጭራሹ ሳይሳካ ሲቀር ነው። ስለዚህ መልሱ የስኬት መሆኑን የሚናገረውን ሪስፖንስ ዶት ኦኬ ሳይጠይቅ «ተመዝግቧል» የሚል ኮድ፣ ሰርቨሩ ወድቆም «ተመዝግቧል» ይላል!

ኦኬን መጠየቅም ብቻውን አይበቃም። የፒኤችፒ ሴሽን (ሰርቨሩ የገባውን ተጠቃሚ የሚያስታውስበት መረጃ) ዕድሜው ካልተነካ 1440 ሰከንድ፣ ማለት 24 ደቂቃ ነው። 150 ረድፍ በ24 ደቂቃ የሚሞላ ማን አለ? ገጹ ወደ ሰርቨሩ ምንም ሳይልክ በቆየበት ጊዜ ሴሽኑ ያበቃል፣ ሰርቨሩ ወደ መግቢያው ገጽ ያዞራል፣ ፌች ዝም ብሎ ተከትሎ ይሄዳል፣ የመግቢያው ገጽ 200 («ተሳክቷል») ብሎ ይመጣል። ኦኬ ነው! በእጃችሁ የገባው ግን የመግቢያ ገጽ ኤችቲኤምኤል ነው። እሱን እንደ ጄሰን ለማንበብ ስትሞክሩ መጀመሪያው ምልክት ላይ ይወድቃል፣ ወደ ካች ይገባል፣ ካቹ ባዶ ነው። ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሰርቨሩ 401 («መጀመሪያ ይግቡ») ይመልስ። ገጹም የተሞላውን ሳያጠፋ ተጠቃሚውን እንደገና ያስገባው።

ባዶ ካች ብሎክ የጻፈ ሰው ስህተቱን ያየው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ ተጠቃሚውም፣ ሎጉም፣ ችግሩን እንዲፈታ የሚላከው ባልደረባውም አያዩትም። «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሯል፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውም ከባዶው ብዙም አይሻልም። ምን ስህተት? እስከ መቼ ቆይቶ? የሞላሁትስ አለ ወይስ ጠፍቷል? ሰውየው የሚፈልገው የእነዚህን መልስ ነው፤ የመመለስ ግዴታውም የእኛ ነው!

ቫሊዴሽን ካላለፈ ሰርቨሩ 422 ከረድፍ ቁጥርና ከፊልድ ስም ጋር ይመልስ፤ ገጹ «ረድፍ 37፣ ብዛት፦ ቁጥር ብቻ ይጻፉ» ብሎ እዚያው ፊልዱ ሥር ያሳይ። ሰርቨሩ ከወደቀ መለያ ቁጥር ይስጥ፤ ያው ቁጥር ከሙሉው ዝርዝር ጋር ሎጉ ውስጥ ይጻፍ፣ ተጠቃሚው ደውሎ ቁጥሩን ሲናገር ከሎጉ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ኔትወርክ ከተቋረጠ የተሞላው ሁሉ ባለበት ይቆይ፣ መኖሩም ይነገር። ያመለጠውን ለመያዝ ደግሞ የአንሃንድልድ ሪጀክሽን ኢቨንትን (ማንም ያልያዘው የፕሮሚስ ውድቀት ሲኖር ብራውዘሩ የሚያወጣውን ምልክት) በገጹ ላይ አዳምጡና ወደ ሰርቨር ላኩት፤ አዌይት ሳይደረግ (ውጤቱ ሳይጠበቅ) የተተወ ፕሮሚስ በዙሪያው ባለው ትራይ-ካች አይያዝም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ዌብ ፎርምስ (የኤኤስፒ ዶት ኔት አንዱ መሥሪያ) ላይ ያለን ሰዎች፣ በኮድ የተጨመረ ኮንትሮል (የገጽ አካል) በእያንዳንዱ ፖስትባክ (ገጹ ወደ ሰርቨር ተመልሶ በተላከ ቁጥር) እንደገና መፈጠር አለበት፤ በኢኒት (በመነሻው) ደረጃ፣ በዚያው አይዲ (መለያ)። አለበለዚያ የቁልፉ ኢቨንት አይነሣም። በፎርም ውስጥ ያለ ባተን (ቁልፍ) ታይፕ (ዓይነቱ) ካልተጻፈለት ሰብሚት (ፎርም ላኪ) ነው፤ «ረድፍ ጨምር» ስትሉት ፎርሙን ይልከዋል። ረድፍ ስትገለብጡ አይዲውንም ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁት ሌብሉ (የፊልዱ መጠሪያ ጽሑፍ) የሚያመለክተው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ረድፍ ነው። የስህተት መልእክቱን አሪያ ዲስክራይብድባይ በሚባለው አትሪቢዩት ከፊልዱ ጋር እሰሩት፤ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ቀይ ቀለሙን ላያይ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ለየቡድናችን የተሰጠ ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት የራሳችሁን ፎርም ክፈቱ። በአንድ ስክሪፕት 150 ረድፍ ሙሉና ላኩ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ቁጠሩ። ከመሐል አንድ ረድፍ ሰርዛችሁ ድገሙት። የሴሽን ኩኪውን አጥፍታችሁ «አስቀምጥ» በሉ። ኔትወርኩን ከብራውዘሩ መሣሪያ ላይ አቋርጣችሁ እንደገና በሉ። በአራቱም ሙከራ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል በቃል ጻፉና ወደ መድረኩ ይዛችሁ ኑ፤ ውይይታችንን ከዚያ እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።