ፋየርዎሉን ከመውቀሳችሁ በፊት አርፕን ጠይቁ

እንደምን አመሻችሁ። ቀኑን ሙሉ ኬብል ስትጎትቱ የዋላችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታያል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሮጌ ፋየርዎል (የኔትወርክ በር ጠባቂ) አውጥተን አዲስ አስገባን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። አይፒው (የኔትወርክ አድራሻው) ያው፣ ሩሎቹ (ምን ይለፍ፣ ምን ይከልከል የሚሉት ደንቦች) ያው። ሠራተኞቹ ኢንተርኔት አገኙ፤ "ተገላገልን" አልን። ብዙ ሳይቆይ አንዱ ከቤቱ ደውሎ "ኢሜይል ሰርቨሩ ከውጭ አይገኝም" አለን።

እኔ ሩል መነካካት ጀመርኩ። አንዱን ከፈትኩ፣ ሌላውን ዘጋሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ድንገት ሠራ። የመጨረሻዋን ሩል ከነካሁ ደቂቃ አልሞላም። አለቃዬ "ጎበዝ!" አለኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ያልሠራሁት ሥራ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ዕቃ) ፓኬቱን (የመረጃውን ጥቅል) ለጎረቤቱ ለማድረስ አይፒ ብቻ አይበቃውም፤ ማክ አድራሻም (የዕቃውን መለያ ቁጥር) ይፈልጋል። ስለዚህ በግቢው ሁሉ ይጣራል፦ "ይህ አይፒ የማን ነው?" ባለቤቱ "አቤት" ብሎ ማኩን ይነግረዋል። ራውተሩም ይመዘግባል። አርፕ የምንለው ይኼው ነው፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አለ።

አዲሱ ፋየርዎል በዋናው አይፒው ራውተሩን ሲጠራ፣ ራውተሩ አዲሱን ማክ ከጥሪው ላይ አይቶ መዝገቡን አስተካከለ። ኢንተርኔቱ የሠራው ለዚህ ነው። የኢሜይል ሰርቨሩ አይፒ ግን ፋየርዎሉ ላይ በናት (የውጭውን አድራሻ በውስጡ በመተካት) የተቀመጠ ነበር። በዚያ አይፒ ማንም አልተጣራም። ስለዚህ ራውተሩ ፓኬቱን መጋዘን ለገባው አሮጌ ዕቃ ይልክ ነበር! መሀላቸው ስዊች (ኬብሎችን የሚያገናኝ ሳጥን) ስላለ ኬብሉ መነቀሉንም አላወቀም። የሲስኮ ራውተር ቅንብሩ ካልተነካ መዝገቡን ለ4 ሰዓት ይይዛል። ከ3 እስከ 7 ቁጠሩት።

መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፦ ራውተሩ ላይ የአርፕ መዝገቡን ማጽዳት። ወይም ፋየርዎሉ ማንም ሳይጠይቀው "ይህ አይፒ የእኔ ነው" ብሎ እንዲያውጅ ማድረግ።

ሌላው የምንሸወድበት ፒንግ፣ ማለትም "አለህ ወይ?" የሚለው መጠየቂያ መልእክት ነው። ኮምፒውተሩ ለፒንግ ዝም ሲል "ሞቷል" እንላለን። የዊንዶውስ ፋየርዎል ግን ፒንግን ሲከለክል ለአርፕ ይመልሳል። ሊኑክስ ላይም የአይፒ ቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ሩል አርፕን አይነካም። ስለዚህ ወዲያው የራሳችሁን ኮምፒውተር የአርፕ መዝገብ እዩ። ትክክለኛው ማክ ካለ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ ያኔ ፋየርዎሉን ጠርጥሩ። ማኩ የሌላ ዕቃ ከሆነ ወይ መዝገቡ አርጅቷል፣ ወይ አንድ አይፒ ለሁለት ተሰጥቷል። ምንም ከሌለ ሩሉን ተዉት፤ ኬብሉን፣ ቪላኑን (ስዊቹን በክፍል የሚከፍለውን) እና ሰብኔት ማስኩን (ማን ጎረቤት እንደሆነ የሚወስነውን) ፈትሹ።

አይፒቪ 6 (አዲሱ የአይፒ ዓይነት) ላይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ አርፕ የለም፤ ጥሪው የሚሄደው ፒንግም በሚሄድበት በአይሲኤምፒ ነው። "ፒንግ ልከልክል" ብሎ አይሲኤምፒን በሙሉ የዘጋ ሰው ጎረቤቶቹን ያጣል።

አሁን ላፕቶፓችሁን ጠረጴዛው ላይ ካለው ስዊች ጋር አገናኙ። ከጎናችሁ ያለውን ሰው ፒንግ አድርጉት። እሱ ዝም ቢላችሁ "አርፕ ማይነስ ኤ" (arp -a) ብላችሁ ጻፉና የመጣላችሁን ማክ ከእሱ ስክሪን ጋር አስተያዩ። እኔ እየዞርኩ አያለሁ።