አራት ቀን በሆስፒታል ክፍል፦ ሬፒን ሙሶርግስኪን እንዴት ሣለው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሥዕል ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መለስተኛ ሸራ ነው። ቁመቱ 71.8፣ ወርዱ 58.5 ሳንቲ ሜትር፤ የዘይት ቀለም ነው። የሚገኘው ሞስኮ፣ ትሬትያኮቭ ጋለሪ ውስጥ ነው። ሠዓሊው ኢሊያ ሬፒን፣ የተሣለው ደግሞ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» የተሰኘውን ኦፔራ የደረሰው ሞዴስት ሙሶርግስኪ ነው። የሬፒን ስም ለእኛ አገር ሠዓሊዎች እንግዳ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ሌኒንግራድ ሄደው የተማሩ ሠዓሊዎቻችን የገቡበት ተቋም በእሱ ስም የሚጠራ ነበር።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1881 ነው። ሙሶርግስኪ ከረጅም ዘመን መጠጥ በኋላ በጠና ታሞ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የኒኮላይ ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝቷል። ሆስፒታሉ የወታደር ስለነበር እሱን ማስገባት ቀላል አልነበረም። ሐኪሙ ሌቭ ቤርተንሰን ያስገባው የራሱ ቅጥር አገልጋይ እንደሆነ አስመዝግቦ ነው። ሬፒን የጓደኛውን መታመም ሲሰማ ፈጥኖ ደረሰ፤ በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ከማርች 2 እስከ 5 ድረስ አራት ጊዜ ተቀምጦ ሣለው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ማርች 1፣ ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 2ኛ በቦምብ ተገድሎ ከተማው በሐዘን ላይ ነበር። ሙሶርግስኪ ማርች 16 ዐረፈ። ሥዕሉ ካለቀ 11 ቀን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ለእናንተ የሚጠቅመው እዚያ ነውና።

ሬፒን የሥዕል ማቆሚያ እንኳ አልነበረውም። ሙሶርግስኪ የሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ እንደምንም ተመቻችቶ ነው የሠራው። ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ሸራ የሞከረ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። የሸራው ላይኛ ጫፍ ከዓይን ስለሚርቅ አጥሮ ይታያል፤ እጅም ያንን ለማካካስ ግንባሩን ያስረዝመዋል። ሸራውን አቁመን ስናየው የተሣለው ጭንቅላት ተለጥጦ እናገኘዋለን። መድኃኒቱ በየጥቂት ደቂቃው ሸራውን ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ማየት፣ ከዓይን እስከ አፍንጫ ጫፍና ከአፍንጫ እስከ አገጭ ያለውን ርቀት ደጋግሞ መለካት ነው። ሬፒን ሸራው ላይ ያስገባው ራስና ደረት ብቻ ነው፤ እጆቹ አይታዩም። አራት ቀን ብቻ ላለው ሠዓሊ ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ጊዜው ሁሉ ለፊቱ ተረፈ።

ቀጥሎ ጀርባውን ተመልከቱ። ብዙዎቻችን ለሐዘን ጥቁር ጀርባ እንመርጣለን። ሬፒን ግን ደማቅ፣ ቀዝቃዛ ግራጫ ግድግዳ ነው ያደረገው። የተንጨባረረው ጸጉርና ጺም በዚያ ብርሃን ላይ ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ በጥቁር ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይዋጡ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ነጭ ቀለም ነው። ጀርባው በጣም ከነጣ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሠዓሊው ደግሞ ፊቱን ለማብራት ነጭ እየጨመረ ቆዳውን ኖራ ያስመስለዋል። ስለዚህ ይህን ሥዕል የምትገለብጡ ከፊቱ በፊት የጀርባውን ቀለም ወስኑ፤ በግንባሩ ላይ ያለው ብሩህ ነጥብ ከግድግዳው እንዳያንስ አድርጉ።

ከሁሉም በላይ የምቆይበት ግን ቀዩ ነው። የሙሶርግስኪ አፍንጫ በመጠጥ ቀልቷል፤ ሬፒን አልደበቀውም። እንዲህ ያለ አፍንጫ በአብዛኛው ሸራ ላይ መሳቂያ ይሆናል፣ ምክንያቱም ቀዩ ብቻውን ስለሚቆም ነው። እዚህ ግን ሰውየው የለበሰው አረንጓዴማ የቤት ካባ ነው፤ ኮሌታው ወደ ደረቱ የሚወርድ ደማቅ ቀይ ነው። ኮሌታው የአፍንጫውን ቀይ ይጋራዋል፣ አረንጓዴው ደግሞ ያመጣጥነዋል። ኮሌታውን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ብታዩት አፍንጫው ወዲያው ይጮኻል። በሽታው ፊቱ ላይ በሙሉ አለ፤ ሰውየው ግን ከበሽታው በልጦ ይታያል። ይህን የሚያደርጉት ዓይኖቹም ናቸው፤ ጠርተው፣ ሰማያዊ ሆነው፣ እኛን ሳይሆን ወደ ጎን ያያሉ። ዓይኑን ወደ ተመልካች ያዞረ ገልባጭ ሥዕሉን ልመና ያደርገዋል። እባካችሁ ይህን ስህተት አትሥሩ።

ስለ ቀለሙ አጣጣል ደግሞ። የዘይት ቀለም በአራት ቀን ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። በእርጥብ ላይ እርጥብ መቀባት ግድ ነው፤ ይህም ቀለም ሳያድፈርሱ አንዴ አስቀምጦ መተውን ይጠይቃል። በከፊል የደረቀውን ቦታ በቡሩሽ ደጋግሞ ማሸት ከሥር ያለውን ይልጠዋል፣ ቀለሙም ጭቃ ይሆናል። ብርሃኑ ወፈር፣ ጥላው ሳሳ ይበል። ዘይት የበዛበት ቀለም ከሥር፣ የሳሳው ከላይ ሲሆን ግን ከዓመታት በኋላ ስንጥቅ ይመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ በስልክ የምታዩት ምስል ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ግራጫውን ከዚያ አትቅዱ። የተለያዩ ሦስትና አራት ኅትመቶችን አወዳድሩ።

ሥዕሉ ወዲያው በ9ኛው የፔሬድቪዥኒኪ ትርዒት ላይ ቀረበ፤ እነዚህ ሥራቸውን ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወሩ ያሳዩ የነበሩ ሠዓሊዎች ናቸው። የትሬትያኮቭ ጋለሪ መሥራች ፓቬል ትሬትያኮቭ በ400 ሩብል ገዛው። ሬፒን ገንዘቡን ለራሱ አላስቀረም፤ ለሙሶርግስኪ መቃብር ሐውልት ሰጠው። ሐውልቱ በ1885 በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም፣ በቲክቪን መካነ መቃብር ቆመ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

አመሰግናለሁ።